ባለመርገጫ ዘንግ ጊታር፦ ስያሜው፣ አሠራሩ እና ዘግይቶ የሚጀምረው ተማሪ

«ባለመርገጫ ዘንግ ጊታር» በእንግሊዝኛ «ፔዳል ስቲል ጊታር» ተብሎ ለሚጠራው የሙዚቃ መሣሪያ እዚህ የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። መሣሪያው በእግሮች ላይ እንደ ጠባብ ጠረጴዛ የተጋደመ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ክሮች ያሉት የኤሌክትሪክ ጊታር ሲሆን፣ ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የያዘውን ለስላሳ የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ እያንሸራተተ፣ በቀኝ እጁ ጣቶች ክሮቹን እየመታ፣ በግራ እግሩና በሁለቱ ጉልበቶቹ ደግሞ የክሮቹን ውጥረት እየለዋወጠ ይጫወተዋል። በስያሜው ውስጥ ያለው «ስቲል» የመሣሪያውን አካል የሚገልጽ ይመስላል፤ አካሉ ግን በአብዛኛው ከጠንካራ እንጨት የሚሠራ፣ ብረት የተባለውም በእጅ የሚያዘው ዘንግ በመሆኑ፣ «የብረት ጊታር» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉም አንባቢውን ወዳልሆነ ሥዕል ይወስደዋል። «መርገጫ» የተመረጠው ክፍሉ የሚሠራውን በግልጽ ስለሚናገር ነው፤ በዕለት ንግግር «ፔዳል ስቲል» የሚለው አጠራር ቢቀጥልም የሚጎዳ ነገር የለውም። ማብራሪያው በተለይ የታሰበው በሐዋሳ ከተማ ለሚኖሩና ከጎልማሳነት በኋላ፣ አንዳንዴም ከ60 ዓመቱ የጡረታ መውጫ ወዲህ፣ ይህን መሣሪያ ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ነው።

የመሣሪያው መነሻ ሃዋይ ነው። የኦዋሁ ደሴት ተወላጅ የነበረው ጆሴፍ ኬኩኩ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ጊታርን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን በብረት ቁራጭ እያንሸራተተ መጫወትን እንዳዳበረ በስፋት ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደግሞ የሃዋይን ሙዚቃ በአሜሪካ ምድር በእጅጉ አስወደደው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሪከንባከር ኩባንያ ያወጣውና ከቅርጹ የተነሣ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል የወጣለት የጭን ጊታር ለገበያ ከዋሉት የኤሌክትሪክ ጊታሮች ሁሉ ቀዳሚ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ የጀመረው ቆሞ ሳይሆን ተጋድሞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጭን ጊታር ችግር በዘንግ የሚነካ በመሆኑ ክሮቹ በተቃኙበት ቅኝት ታስሮ መቅረቱ ነበር፤ ተጫዋቾች ይህን ለማምለጥ በመጀመሪያ ሁለት፣ ሦስት፣ አልፎም አራት አንገት ያላቸው፣ እያንዳንዱ አንገት በተለየ ቅኝት የተቃኘ መሣሪያዎችን አሠሩ፤ ቀጥሎም በእግር ተረግጦ ቅኝቱን የሚቀይር መርገጫ መጣ። መርገጫው ግን ለረጅም ጊዜ ያገለገለው አንዱን ቅኝት በዝምታ ወደ ሌላው ለማሸጋገር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ባድ አይዛክስ የተባለው ተጫዋች ዌብ ፒርስ የተባለውን ዘፋኝ አጅቦ ሲቀርጽ፣ ክሮቹ እየጮኹ ሳሉ መርገጫውን በመርገጥ ለውጡ ራሱ እንዲሰማ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ የሚታወቅበት ያ አልቃሻ ድምፅ የዚህ መሣሪያ መለያ ሆነ።

ለኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ነገሩ ከዚህ ላይ ነው የሚጥመው። ክራር መቺ ከአንድ ዘፈን ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ወይም የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ጨዋታውን አቁሞ መቃኛዎቹን እያዞረ ክሮቹን እንደገና ይቃኛል፤ ምክንያቱም አምስቱ ድምፆች የተቀመጡት በክሮቹ ውስጥ ስለሆነ ቅኝቱ ሲለወጥ ክሩ መለወጥ አለበት። ይህን ወሰን ለማስፋት ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተመራማሪ በነበረበት ወቅት ክራርን የማዘመን ሥራ መያዙ ይታወቃል። ባለመርገጫው ዘንግ ጊታር ለዚሁ ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ መልስ ነው፤ ክራር መቺው በዘፈኖች መካከል በእጁ የሚሠራውን መቃኘት የዚህ መሣሪያ ተጫዋች በዜማው መሐል በእግሩ ይሠራዋል። በሌላ በኩል ዘንጉ የሚንሸራተትበት ገጽ ጣት የሚያቆም ብረት የሌለው፣ ምልክት ብቻ የተሰመረበትና ትክክለኛውን ድምፅ በጆሮ መፈለግን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ መሣሪያው በዚህ በኩል የሚቀርበው ከክራር ይልቅ ለማሲንቆ ነው።

መሣሪያው ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ያለው ዝምድና ከስሜት ያለፈ መሆኑን የክሮቹ አቃኘት ያሳያል። በስፋት በሚሠራበት «ኢ-ናይን» በተባለው አቃኘት፣ ዋናው ድምፅ «ዶ» ተብሎ ቢወሰድ፣ 10ሩ ክሮች ከተጫዋቹ ርቆ ካለው ጀምሮ ሬ፣ ሲ፣ ሚ፣ ዶ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ፣ ሲ ፍላት እና ሶል ይሆናሉ፤ ከሁሉ ቀጭን ድምፅ ያለው ክር የመጀመሪያው ሳይሆን ሦስተኛው መሆኑ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግር ጠባይ ነው። የመጀመሪያው መርገጫ ሶልን በሙሉ ድምፅ አንሥቶ ላ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ሚን በግማሽ ድምፅ አንሥቶ ፋ ያደርገዋል። እንግዲህ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ፣ አራቱ ድምፆች ያለ ምንም እርግጫ በክሮቹ ላይ ይገኛሉ፤ አምስተኛውን የመጀመሪያው መርገጫ ይሰጣል። ባቲ ደግሞ በተለመደው አጻጻፍ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን፣ ፋን ሁለተኛው መርገጫ፣ ሲን ሁለተኛው ክር ስለሚያቀርቡ እርሱም ዘንጉ ካለበት ሳይነቃነቅ ይሞላል። አምባሰል፣ ማለትም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ጠንከር ይላል፤ ዶን በግማሽ ድምፅ የሚያነሣ የጉልበት መግፊያ በመደበኛው መሣሪያ ላይ ቢኖርም፣ ላ ፍላት የሚገኘው የመጀመሪያውን መርገጫ እስከ እኩሌታው ብቻ በመርገጥ ነውና ይህ ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው። አንቺሆዬ በበኩሉ ሶልን በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ተጨማሪ መግፊያ ይፈልጋል። ዘንጉ አምስት ምልክት ወደ ፊት ቢገፋ፣ እርግጫው ሳይለወጥ፣ ሙሉው ቅኝት እንዳለ ወደ ላይኛው የድምፅ መነሻ ይዛወራል፤ ለዘፋኝ ድምፅ ሲባል አንድ በአንድ ክር ማጥበቅና ማላላት እዚህ የለም።

በውስጡ ያለው አሠራር እንደ እግር ስፌት መኪና በግልጽ የሚታይ ነው። መርገጫው ሲረገጥ ከሥሩ የተያያዘውን ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ይስባል፤ ያ ስበት በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ባለ አግዳሚ በኩል ወደ ቀኝ ጫፍ ይተላለፍና ክሩ የታሰረበትን ተሽከርካሪ የብረት ምላስ ጥቂት በማዞር ክሩን ይወጥረዋል። ስለዚህ ክሩ ሁለት ጊዜ ይቃኛል፤ ሳይረገጥ የሚሰጠው ድምፅ በግራ ጫፍ ባሉት መቃኛዎች፣ ሲረገጥ የሚሰጠው ድምፅ በቀኝ ጫፍ ባሉት ትንንሽ ብሎኖች። ሦስተኛው ክር 415 ኸርዝ ከሚደርሰው ድምፁ ወደ 440 ኸርዝ እየተሳበ ስለሚመለስ ከሌሎቹ ክሮች ይልቅ ቶሎ የሚበጠስ እርሱ ነው። ለ10 ክር የሚሠራው የእጅ ዘንግ 22 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ200 ግራም የሚበልጥ ክብደት አለው፤ ተጫዋቹ አይጫነውም፣ በራሱ ክብደት ክሮቹ ላይ እንዲያርፍ ይተወዋል እንጂ፤ ከዘንጉ በስተኋላ የሚከተሉት የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን በስሱ እየዳሰሱ የማይፈለገውን ጩኸት ያፍናሉ። የቀኝ እግር ሥራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ድምፅ ማጉያውን በሚቆጣጠረው ለብቻው በተቀመጠ መርገጫ ላይ ያርፍና፣ የክሩ ድምፅ እየከሰመ ሲሄድ ቀስ ብሎ እየከፈተ እንደ ሰው ትንፋሽ ያስረዝመዋል።

ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው የዚህ ሁሉ ትርጉም ምን እንደሆነ ሲመረመር፣ መሣሪያው በአንድ በኩል ምሕረት የለሽ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሌላው ጊታር የበለጠ ለዕድሜ የሚራራ ሆኖ ይገኛል። ተራ ጊታር የግራ እጅ ጣቶች ክርን ከእንጨት ጋር አጣብቀው እንዲጫኑ፣ በጫፋቸውም ላይ ጠንካራ ቆዳ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ እዚህ ግን መጫን ስለሌለ፣ የጣት መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው እንኳ ዘንጉን መያዝ ከቻለ ሊጫወት ይችላል። በዕድሜ የሚመጣው የመስማት መቀነስ የሚጀምረው ከከፍተኛዎቹ ሞገዶች ሲሆን፣ የመሣሪያው ዋና ድምፆች በአብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ በታች በመሆናቸው፣ የድምፁ ጥራት ጥቂት ቢደበዝዝም መቃኘቱ ያን ያህል አይጎዳም። ጄኒፈር ቡጎስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆኑ ሰዎች ለስድስት ወር በግል ፒያኖ ሲማሩ ትኩረትንና ነገርን በአእምሮ ይዞ መሥራትን በሚለኩ ፈተናዎች መሻሻል አሳይተዋል፤ ጥናቱ የፒያኖ ቢሆንም፣ አዲስ መሣሪያ መልመድ በዚያ ዕድሜ የሚዘጋ በር አለመሆኑን ያመለክታል። የሚከብደው አራቱን እጅና እግር በየፊናቸው ማዘዝ ነው። በተለይ የግራ እግር በሁለቱ መርገጫዎች ላይ በአንድ ጊዜ አርፎ፣ ሳይነሣ በቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን እየተንከባለለ አንዱን ሲለቅ ሌላውን መርገጥ ይኖርበታል፤ ይህን ወጣቱም ቢሆን በአንድ ወር አይጨብጠውም። ፍጥነት ለሚሻ ሙዚቃ ዘግይቶ ጀማሪው ተወዳዳሪ ላይሆን ይችላል፤ መሣሪያው የታወቀበት ዝግ ያለ ዜማ ግን ከፍጥነት ይልቅ ቅኝትን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ይፈልጋል፣ ትዝታንና ባቲን ከልጅነቱ ሲሰማ የኖረ ሰው ደግሞ ይህ ጆሮ በእጁ ነው። ሐዋሳ በጉዱማሌ አደባባይ የሲዳማ ሽማግሌዎች በዘመን መለወጫቸው በፍቼ ጨምበላላ በዓል ከፊት ሆነው የሚያዜሙባት ከተማ በመሆኗም፣ ዜማ የወጣት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚያ ሥር የሰደደ ሊሆን አይችልም።

ከተማዋ ለመሣሪያው ባዳ እንዳትሆን የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። በአሜሪካ የጥቁሮች ጴንጤቆስጤያዊ ቤተ ክርስቲያን በሆነችው «የእግዚአብሔር ቤት» ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይ በዊሊ ኢሰን አማካይነት፣ የዘንግ ጊታር በኦርጋን ፋንታ የአምልኮ መሪ መሣሪያ ሆኖ አድጓል፤ ይህም ዘልማድ ዛሬ «ቅዱስ ስቲል» በሚል ስም ይታወቃል። በአፍሪካም የናይጄሪያው ኪንግ ሰኒ አዴ ባለመርገጫውን በጁጁ ሙዚቃ ውስጥ አስገብቶ ከንግግር ከበሮ ጋር አስማምቶታል። ሐዋሳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ያካሂድባት የነበረችና ለኢትዮጵያ የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ከመነሻዎቹ አንዷ የሆነች ከተማ ናት፤ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ድራም የአምልኮ አካል በሆኑባቸው አዳራሾቿ የዘንግ ጊታር ድምፅ ቢሰማ ከመዝሙሩ ጠባይ ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም።

አስቸጋሪው መሣሪያውን ማግኘት ነው፤ አዲሱ በውጭ ገበያ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሲሆን፣ ሁለት አንገት ያለው ከነሣጥኑ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። በዚህ ምክንያት ለዘግይቶ ጀማሪ የሚበጀው መንገድ በጭን ጊታር መጀመር ነው። ለዚህም በማንኛውም የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ የሚገኝ ባለስድስት ክር ጊታር፣ ክሮቹን በአንገቱ ጫፍ በኩል 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ የሚያደርግ ማንሻ፣ እንዲሁም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ዘንግ ይበቃል፤ ዘንጉን አንድ የቶርኖ ባለሙያ በጥቂት ሰዓት ሊያወጣው ይችላል፣ ገጹ ጭረት እስካልኖረው ድረስ። ተራው ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚሰማ መብራት ቢጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም። ከሁሉ የሚገርመው፣ የተራ ጊታር ክሮች በተለመደው አቃኘታቸው ከወፍራሙ ጀምሮ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ እና ላ ሆነው ሊቆጠሩ ስለሚችሉ፣ መቃኛ ሳይነካ የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ሁሉ ከአንድ ዘንግ ሥር ይገኛሉ፤ ቅደም ተከተላቸው የተበታተነ ቢሆንም፣ ዘንጉ ሁለት ምልክት ሲገፋ ትዝታው በሙሉ ድምፅ ከፍ ይላል። በዚህ መንገድ ዘንጉን ከምልክቱ ቀጥ ብሎ በላይ ማሳረፍን፣ ከጎን ሲታይ ምልክቱ የተዛባ ስለሚመስል ጆሮን ከዓይን ማስቀደምን፣ እንዲሁም ጩኸትን ማፈንን የለመደ ሰው ወደ ባለመርገጫው ሲሻገር እጁ አዲስ ነገር አይገጥመውም፤ የሚማረው እግሩ ነው። እግሩም በመጀመሪያው መርገጫ ብቻ ትዝታን፣ በሁለተኛው ብቻ ባቲን እየተለማመደ ይቆያል፤ የጉልበት መግፊያዎቹ ተራ የሚደርሳቸው ወደ አምባሰልና ወደ አንቺሆዬ ሲገባ ነው።