የተሰበረው ኦርጂናሉ ነበር

ሀ ሁን ቆጥሬ ሳልጨርስ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ማንበብ እችል ነበር፤ «ፍሪ» እና «ሎክ»። ያስተማረችኝ የአባቴ መኪና ናት። አባቴ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሹፌር ነበር፤ የሚነዳው ነጭ ላንድክሩዘር ፒክአፕ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ይዞኝ ይወጣል። አይፈቀድም፣ ግን ይዞኝ ይወጣል።

የቢቸናን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። የኋላ ጎማዎቹ ቦታቸው ላይ መሽከርከር ሲጀምሩ አባቴ ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ እኔ ዞር ይልና «ውረድ፣ ሎክ አድርጋት» ይለኛል። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ የፊት ጎማው መሀል ላይ ያለችውን ክብ ነገር ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» አዞራለሁ፤ ዞሬ ሌላኛውንም። ከዚያ ማርሹን አስገብቶ እንደ በሬ እየጎተተች ትወጣለች። ያቺን ክብ ነገር ያየ ሁሉ ከመኪናው ጋር የተወለደች ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

መኪናዋ ላይ የደረሰው ነገር ግን ከጭቃ አልመጣም።

አንድ ዓመት ድርጅቱ በአንድ ጉዞ ብዙ እህል እንዲደርስ ፈለገ። መኪናዋ ስትጫን ከኋላ ዝቅ ትላለች። መፍትሔው ቀላል መሰለ፦ ጋራዥ ገብታ የኋላ ባሌስትራዋ ላይ ቅጠል ይጨመርባት። ቅጠሎቹ ከሶማሌ ተራ ተገዙ፣ ተገጠሙ። የጋራዡ ወረቀት ላይ የፈረመው አባቴ ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀጥ ብላ ስትቆም ጫኞቹ «ገና ናት» አሉ። ለ10 ኩንታል ገደማ የተሠራች መኪና ላይ 15 እና 16 መጫን ተለመደ። ወራት አለፉ፤ አንድ ማታ ቁልቁለት ላይ ሻንሲው ከባሌስትራው ማሰሪያ አጠገብ ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም። ዱቄቱ መንገድ ላይ አደረ፣ አባቴም አብሮት።

ድርጅቱ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው «ኦርጂናል ያልሆነ ዕቃ በማስገጠሙ» ብሎ ጥፋቱን አባቴ ላይ ጣለ፤ ለስድስት ወር ከደሞዙ ተቆረጠ። የዚያን ዓመት እኔና እህቴ ትምህርት ቤት የገባነው ባለፈው ዓመት ደብተር የተረፈውን ገጽ እናታችን በመርፌ ሰፍታልን ነው። ለረጅም ጊዜ እኔም ኮሚቴው ልክ ነው ብዬ አምን ነበር። ኦርጂናል ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ የተጨመረ ደግሞ የተጨመረ ነው።

ይህን የተጠራጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ስለ ጭቃ መኪኖች ታሪክ ማንበብ ስጀምር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ያስደነገጠችኝም ያቺ ክብ ነገር ናት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ እና ፎርድ ከ600,000 በላይ ጂፖች ሠሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ለገበሬና ለአዳኝ ተሸጡ። ለጦር ሜዳ የተሠራ መኪና ግን ለአስፋልት አልተመቸም። በሁለት ጎማ ብቻ እየነዳችሁት እንኳ የፊት ሰሚያሶቹ፣ የፊት ዲፈረንሻሉና ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ከጎማው ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። ነዳጅ ይበላል፣ ይጮሃል፣ ብረት ያለ ሥራ ያልቃል። በ1948 አርተር ዋርን የተባለ አሜሪካዊ ይህን የሚፈታ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት መሠረተ፤ የፊት ጎማውን ከሰሚያሱ የሚያላቅቅና ሲፈለግ መልሶ የሚያያይዝ፣ በእጅ የሚዞር ማዕከል። ሲላቀቅ ፍሪ፣ ሲያያዝ ሎክ።

ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ የማዞራት ዕቃ ታሪኳ ይህ ነው። ከፋብሪካው ውጭ ተሠርታ፣ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ በሌላ ሰው መኪና ላይ የገጠማት «ጭማሪ» ነበረች።

ቶዮታ የላንድክሩዘርን አያት፣ «ቢጄ» የተባለውን ጂፕ፣ በ1951 ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ አውጥቶ ፈተነው። «ላንድክሩዘር» የሚለው ስም በ1954 መጣ፤ የአባቴ መኪና የምትወለድበት ሰባ ተብሎ የሚጠራው ቤተሰብ ደግሞ በ1984። ያኔ ፍሪና ሎክ ከፋብሪካ ተገጥሞ የሚመጣ ዕቃ ሆኗል። የትናንቱ ጭማሪ የዛሬ ኦርጂናል ነው ማለት ነው።

አውስትራሊያም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ቶኒ ብራውን የሚባል ሰው በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ አገሪቱ ሰሜን ሲጓዝ ሰዎች መኪናቸው ላይ ያስገጠሙት የፊት መከላከያ ብረትና የጣሪያ ዕቃ መጫኛ መንገዱን ሳይችል እየተሰባበረ አየ። ተመልሶ ሜልበርን ውስጥ በገዛ ጋራዡ መበየድ ጀመረ፤ በ1975 ኤአርቢ የተባለው ድርጅት ተወለደ። ከመጀመሪያው ብረት የሚለየው ቆርቆሮው ስለወፈረ ብቻ አይመስለኝም። ሰውየው የሚሠራው ራሱ ለሄደበት መንገድ ነበር። ፋብሪካ ለቶኪዮ አስፋልትም ለበረሃም የሚሆን አንድ መኪና ማውጣት አለበት፤ ዋስትና ይሰጣል፣ ዋጋ ያመዛዝናል። አንድን መንገድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያንን መንገድ ከፋብሪካው በላይ ሊያውቀው ይችላል።

እዚህ ላይ ባቆም ጨዋታው ለጭማሪው ወገን ይሆናል፤ አባቴም ነፃ ይወጣል። ግን ታሪኩ እዚህ አያልቅም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩቢኮን የሚባል የድንጋይ መንገድ አለ። ከ1953 ጀምሮ ጂፕ ያላቸው ሰዎች በቡድን ይወጡበታል። መኪናቸውን ሲያጠናክሩ አንድ ነገር ደጋግሞ አስተማራቸው። ትልቅ ጎማ ሲገጥሙ ጎማው ድንጋዩን ያልፋል፤ ነገር ግን ትልቅ ጎማ እንደ ረጅም መፍቻ ነው፣ ሰሚያሱን የሚጠመዝዘው ኃይል ይጨምራል። ዲፈረንሻል የሚቆልፍ ዕቃ ሲጨምሩ፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲቀር የሞተሩ ጉልበት በሙሉ መሬት በያዘው ጎማ ሰሚያስ ላይ ያርፋል። መኪናውን ከፍ ሲያደርጉ ጉልበት የሚያስተላልፈው ዘንግ ይጣመምና መገጣጠሚያው ይበላል። የጠነከረው ዕቃ አይሰበርም፤ ሸክሙን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። የሚሰበረው ጎረቤቱ ነው።

ጂፕ በ2003 በዚያው መንገድ ስም «ራንግለር ሩቢኮን» የተባለውን መኪና ሲያወጣ ይህን ትምህርት የቀሰመ ይመስላል። የፊቱን ቀላል አክስል በከባዱ ዳና 44 ተካው፤ የኋላውም ዳና 44 ነው። በሁለቱም ላይ መቆለፊያ ገጠመ። ዝቅተኛውን የጉልበት ማርሽ በተለመደው ሞዴል ከነበረው 2.72 ወደ 4 አሳደገ፤ መኪናው ድንጋይ ላይ በቀስታ እንዲራመድ። ጎማውም 31 ኢንች። አንዱም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሰዎች በየጋራዡ ለዓመታት ሲገጥሙት የኖሩት ነው። የፋብሪካው ብልጫ አንዱን ሲያጠነክር ጎረቤቱን አብሮ ማጠንከሩ ነው።

ፋብሪካስ ሁሌ ጎረቤቱን ያያል ወይ? አያይም። ቶዮታ በ2007 ሰባውን ላንድክሩዘር በቪ8 ናፍጣ ሞተር ሲያወጣ ሰፊው ሞተር እንዲገባ የፊት ጎማዎቹን አራራቃቸው። የኋላውን ግን እንዳለ ተወው። ከኋላ ሆናችሁ ብታዩት የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ 95 ሚሊሜትር ያህል ይጠባሉ። አሸዋና ጭቃ ላይ የፊቱ ጎማ የቀደደውን ፈር የኋላው አይከተለውም። ይህን ለማስተካከል አውስትራሊያ ውስጥ ራሱን የቻለ ገበያ ተፈጠረ። ከፋብሪካ የወጣ ኦርጂናል ጉድለት፣ በጭማሪ ዕቃ የሚታረም።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ መኪናቸውን ከፍ የሚያደርጉ፣ ጎማ የሚያገዝፉ ጓደኞች አሉኝ። ክርክራቸው ሁሌ «ኦርጂናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» ነው። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ደካማ ብረት ሰው ይገድላል። ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ፦ ይሄ ሲጠነክር ሸክሙ ወዴት ይሄዳል? ከሱ ቀጥሎ ያለው ዕቃ ለስንት ኪሎ ነው የተሠራው? ይህን የሚመልስላችሁ መካኒክ ካገኛችሁ ዕቃው የማንም ይሁን የማን፣ ሰውየውን አትልቀቁት። መልሱ ደግሞ አንዳንዴ ዕቃ ሳይሆን ጭነት መቀነስ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የኮሚቴው ውሳኔ አስቆጣኝ። ከሶማሌ ተራ የመጡት ቅጠሎች አልተሰበሩም፤ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብለው ነበር። የተሰበረው ሻንሲው ነው፤ ከፋብሪካ የወጣው፣ ኦርጂናሉ። የተሰበረውም ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ያልተሠራለትን ስድስት ኩንታል ተሸክሞ ነው። ኩንታሉን የጨመረው ደግሞ አባቴ አልነበረም።

ባለፈው ፋሲካ ይህን ለአባቴ ነገርኩት። አሁን ጡረታ ላይ ነው። ስለ ዋርን፣ ስለ ሩቢኮን፣ ስለ 95 ሚሊሜትሩ አንድ ባንድ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ከአልጋው ሥር የወረቀት ሳጥኑን አወጣና በካርቦን የተገለበጠ፣ ቀለሙ የደበዘዘ አንዲት ደብዳቤ ሰጠኝ። ሻንሲው ከመሰንጠቁ ከሁለት ወር በፊት ለድርጅቱ የጻፋት ናት። አራት መስመር ብቻ ናት፤ ባሌስትራው መጠንከሩን፣ የመኪናው የመጫን አቅም ግን አለመለወጡን ገልጾ ጭነቱ እንዲቀነስ ይጠይቃል።

«ለኮሚቴው አላሳየሃቸውም?» አልኩት።

«አሳይቻለሁ እንጂ» አለኝ፤ ደብዳቤዋን ከእጄ ተቀብሎ በእጥፋቷ እያጠፈ። «'እኛ የጠየቅንህ ዕቃው ኦርጂናል ነው አይደለም ነው' አሉኝ። አይደለም አልኳቸው።»