ስማርት ሲቲ ሲታቀድ ነዋሪው መቼ ይጠየቅ?

«ስማርት ሲቲ» የሚለው ስያሜ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሹማምንት ንግግርም ሆነ ከጋዜጣ ዓምድ የማይጠፋ ሆኗል። ትርጉሙ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። በአጭሩ ግን ከተማው ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱና ስለ ደረቅ ቆሻሻው በሴንሰርና በካሜራ መረጃ እየሰበሰበ፣ በዚያ መረጃ አገልግሎቱን የሚመራበት አሠራር ነው ማለት ይቻላል። «ዘላቂ» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት ደግሞ ከተማው ወንዙን፣ አየሩንና የመጪውን ትውልድ ድርሻ ሳያጠፋ እንዲያድግ ይፈለጋል ማለት ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የተማርኩት ሕግ ነውና ዓይኔ የሚያርፈው ከመሣሪያው ይልቅ ከመሣሪያው በፊት በሚመጣው ጉዳይ ላይ ነው። ዕቅዱ ሲነደፍ ማን ተጠየቀ? መቼ ተጠየቀ? ለተናገረውስ መልስ አገኘ ወይ?

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። በመንግሥት ሪፖርቶች ሁሉ «ባለድርሻ አካላት» የሚባሉ አሉ። ድርሻ ያለው ሰው በንግድ ሕግ ምን መብት እንዳለው አክሲዮን የገዛ አንባቢ ያውቀዋል። ባለአክሲዮኑ ለጉባኤ በወቅቱ ይጠራል፣ አጀንዳው አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ሒሳቡን ያያል፣ ድምፅ ይሰጣል፤ በአግባቡ ሳይጠራ የተላለፈ ውሳኔ ካለም ፍርድ ቤት ሄዶ ይቃወማል። የከተማው ባለድርሻ ግን ብዙውን ጊዜ ስሙ እንጂ ድርሻው የለም። በአንድ ወቅት በተጋበዝኩበት የምክክር መድረክ ላይ የተሳታፊዎች መፈረሚያ ወረቀት ከፕላኑ ንድፍ ቀድሞ እጃችን ገብቶ ነበር። ንድፉ ግድግዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታየ፣ ሻይ ተጠጣ፣ «የቀረበው ሐሳብ እንደ ግብዓት ይወሰዳል» ተባለና ተበተንን። ግብዓቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

በመነገርና በመወሰን መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ያሳዩት አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን ናቸው። በአገራቸው የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በሕዝብ ተሳትፎ ጉዳይ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍም ተሳትፎን 8 ደረጃ ባለው መሰላል መሰሉት። ከታች ያሉት 2 ደረጃዎች ነዋሪውን መጠቀሚያ ማድረግና ማባበል ናቸው፤ እነዚህን ተሳትፎ አይሏቸውም። ቀጥለው ማሳወቅ፣ ማማከር፣ እንዲሁም ጥቂት ሰዎችን ኮሚቴ ውስጥ አስገብቶ ማለዘብ ይመጣሉ። በእነዚህ ነዋሪው ይሰማል፣ ይናገራልም፤ መወሰን ግን አይችልም። ከላይ ያሉት 3 ደረጃዎች ሽርክና፣ በውክልና የተሰጠ ሥልጣንና የነዋሪው ሙሉ ቁጥጥር ናቸው። በዚህ መሰላል ብንለካው እኛ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» የምንለው 3ኛው ደረጃ ላይ ይቆማል።

መድረክ ማብዛትም ብቻውን እንደማይበቃ የካናዳዋ ቶሮንቶ ታሪክ ያስረዳል። ስማርት ሲቲን ለሚያቅድ ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው። በቶሮንቶ የሐይቁን ዳርቻ የሚያለማው ዋተርፍሮንት ቶሮንቶ የተባለ ተቋም ነው፤ የፌዴራሉ፣ የክፍለ ሀገሩና የከተማው መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 በጋራ አቋቋሙት። ተቋሙ ኪይሳይድ ለተባለ 12 ኤከር (5 ሔክታር ገደማ) ቦታ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የልማት አጋር ፈለገ። በኦክቶበር የጉግል እህት ኩባንያ የሆነው ሳይድዎክ ላብስ መመረጡ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በተገኙበት ታወጀ።

የታሰበው የሚያጓጓ ነበር። ከእንጨት የሚሠሩ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ በረዶ የሚያቀልጥ የእግረኛ መንገድ፣ ከምድር በታች ቆሻሻ የሚያጓጉዙ ሮቦቶች፣ የሰውና የመኪና እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ሴንሰሮች። ኩባንያው ለዕቅድ ዝግጅቱ ብቻ 50 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር መደበ። ነዋሪውን አላነጋገረም ብሎ የሚከሰው የለም። ስብሰባ ጠራ፣ ሰው ገብቶ የሚያይበት ማሳያ ቤት ከፈተ፤ በኋላም ከ21 ሺህ በላይ ሰዎችን ማወያየቱን ገለጸ።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ነዋሪው ስለ መናፈሻውና ስለ መንገዱ ሲጠየቅ ስለ ውሉ አልተጠየቀም። ተቋሙና ኩባንያው በመጀመሪያ የተፈራረሙት ስምምነት ለወራት ይፋ ሳይሆን ቆየ። ሴንሰሮቹ የሚሰበስቡት መረጃ የማን ይሆናል ለሚለው ጥያቄም አጥጋቢ መልስ ጠፋ። በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የግል ሕይወት ጥበቃ ኮሚሽነር የነበሩት አን ካቩኪያን የኩባንያው አማካሪ ነበሩ። የሰዎች ማንነት መረጃው በተሰበሰበበት ቅጽበት እንዲጠፋ ይፈልጉ ነበር፤ ሌሎች ኩባንያዎች ግን በዚህ እንደማይገደዱ ሲሰሙ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ለቀቁ። በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ኩባንያው ዓይኑን ከ12 ኤከሩ አልፎ ሰፊ መሬት ላይ እንደጣለና ወደፊት ከሚገኘው የንብረት ግብር ድርሻ እንደሚፈልግ የሚያሳይ ሰነድ ቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ እጅ ገባ። በዚህ ጊዜ ነዋሪዎች ተደራጁ። በኤፕሪል የካናዳ የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር ተቋሙንና 3ቱን የመንግሥት እርከኖች ከሰሰ። በጁን የወጣው ዕቅድ ከ1,500 ገጽ በላይ ሲሆን፣ የሚያካልለው መሬትም 190 ኤከር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስለ 12 ኤከር ተጠይቆ አስተያየቱን የሰጠ ሰው 190 ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ኩባንያው ኦክቶበር 31 ቀን 2019 ወደ 12 ኤከሩ እንዲመለስ ተደረገ። በሜይ 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ያስከተለውን የኢኮኖሚ አለመረጋጋት ጠቅሶ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ተወው። የሰጠውን ምክንያት አልጠራጠርም። ሆኖም ሁለት ዓመት ተኩል በጥርጣሬ የተበላ ዕቅድ ክፉ ቀን ሲመጣበት ቆሞ የሚሟገትለት ነዋሪ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 ለቦታው ሌሎች አልሚዎች ተመረጡ፤ አዲሱ ዕቅድም ከሴንሰር ይልቅ በዋጋ ተመጣጣኝ ወደሆኑ ቤቶችና ወደ ዛፍ አዘነበለ።

የባርሴሎና አካሄድ ከዚህ ይለያል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዴሲዲም» የተባለ የኢንተርኔት መድረክ አቋቋመች፤ በካታላን ቋንቋ «እንወስናለን» ማለት ነው። ለከተማዋ የሥራ ዘመን ዕቅድ ከ10 ሺህ በላይ ሐሳቦች ቀረቡ። ኢንተርኔት የማይጠቀመው እንዳይቀርም በየሠፈሩ ስብሰባ ተደረገ። እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሐሳብ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱ፣ ካላገኘም ለምን እንዳላገኘ ተጽፎ ይታያል። ይህ በሕግ ቋንቋ ምክንያቱ የተገለጸ ውሳኔ የምንለው ነው፤ ዳኛ ይጠየቅበታል፣ የከተማ ሹም የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም። ባርሴሎናም ብትሆን ከስህተት አላመለጠችም። በዚያው ዓመት ፖብሌኖው በተባለው ሠፈር መኪና የሚገደብበትን አሠራር በጥድፊያ ስትጀምር ነዋሪው ተቆጥቶ አደባባይ ወጥቷል፤ ንድፉን ማስተካከልም አስፈልጓል።

ጉዳዩን ለሹማምንት መልካም ፈቃድ ብቻ ያልተዉ አገሮችም አሉ። በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈረመው ስምምነት በአካባቢ ጉዳይ ሕዝቡ መረጃ የማግኘት፣ የመሳተፍና ፍርድ ቤት የመሄድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ተሳትፎው መጀመር ያለበትም አማራጮች ሁሉ ክፍት በሆኑበት ጊዜ ነው ይላል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። የራሷ ሕገ መንግሥት ግን ሩቅ ሳያስኬድ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። አንቀጽ 92 የአካባቢ ደኅንነት ፕሮጀክቶችን አስመልክቶ ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከመሠረታዊ መርሆዎቹ መካከል ቆጥሯል። ልብ በሉ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚናገረው ስለ መጠየቅ ነው፤ «ተነገራቸው» የሚል ቃለ ጉባኤ ይህን መብት አያሟላም።

ሳይጠየቁ የታቀደ ዕቅድ ምን እንደሚያስከትል እኛም አይተናል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው በከፋ ሁኔታ አገረሸ፣ የብዙ ሰዎች ሕይወትም ጠፋ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። የተቃውሞው ምክንያት ከፕላን የሰፋ እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም መሬቱ የሚነካበት አርሶ አደር ስለ ፕላኑ የሰማው ባለሙያዎቹ ካዘጋጁት በኋላ መሆኑ እሳቱን አባብሶታል የሚል እምነት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ለአዲስ አበባ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ መብራትና አረንጓዴ ሥፍራ አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከቦታቸው የተነሱ ሰዎች የተሰጣቸው ጊዜ አጭር ነበር ሲሉ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ግን የሚነሱ ባለይዞታዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት እንደሚገባ ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል። መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ለሚል ልዩ ሁኔታም በር ትቷል። በአገራችን ደግሞ አስቸኳይ ያልሆነ ፕሮጀክት ማግኘት ይከብዳል።

ይህን ሁሉ አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የተዘጋጀው ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ነው። ቀጣዩ ፕላን ስለ መንገድና ስለ ሕንፃ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ስለ ካሜራ፣ ስለ ሴንሰርና ስለ ዲጂታል አገልግሎት እንደሚናገር አያጠራጥርም። አማራጮች ክፍት የሚሆኑትም ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ የቀለም ምርጫ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ባለይዞታ» የሚለው ቃል የማያቅፈው ሰው ነው። ከግለሰብ ቤት የተከራየ መምህር፣ በአንድ ጥግ ጉሊት የምትሸጥ እናት፣ የጎዳና ጫማ ጠራጊ በካርታ ላይ ስማቸው የለም። ለ20 ዓመት እዚያው ሠፈር ቢኖሩም ለምክክር የሚጠራቸው ደብዳቤ አይደርሳቸውም። ስልካቸው ኢንተርኔት ላያወጣ ይችላል፤ ዕድራቸው ግን ስማቸውን፣ ቤታቸውንና የቤተሰባቸውን ቁጥር ከማንም መሥሪያ ቤት አጥርቶ ያውቃል። ከተማው ባለድርሻ ፍለጋ ሲወጣ ሆቴል አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት የዕድር መዝገብ ይጠይቅ። ረቂቁን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ማንም በሚረዳው ቋንቋ፣ ከነካርታው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ለማንበቢያም ወራት ይስጥ። ካሜራ የሚሰቀል ከሆነ ምስሉን ማን እንደሚያይ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥና ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ ከመሰቀሉ በፊት ይንገር፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን መጠየቅ ድፍረት ሊባል አይችልም። ፕላኑ ለምክር ቤት ሲቀርብም የተነሱት ሐሳቦችና የተሰጡት መልሶች በአባሪ ተያይዘው ይቅረቡ፤ ውድቅ የተደረጉትም ከነምክንያታቸው።