የአስዋን ግድብ ገንዘብ በአሜሪካ ሴኔት ፊት

የዓባይ ታሪክ ሲተረክ የነገሥታት፣ የመሐንዲሶችና የዲፕሎማቶች ሥራ ይወሳል፤ የሕግ አውጪዎች ድርሻ ግን እምብዛም አይነሳም። ሆኖም በወንዙ የቅርብ ዘመን ታሪክ ከፍተኛ ቦታ ከሚሰጣቸው ውሳኔዎች አንዱ የተወሰደው ከወንዙ እጅግ ርቆ፣ በዋሽንግተን በተሰበሰበ የበጀት ኮሚቴ ውስጥ ነበር። ዘመኑ 1956 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የነገሩ መነሻ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በዲሴምበር 1955 አሜሪካ፣ ብሪታንያና የዓለም ባንክ ግብፅ በአስዋን ልትሠራው ላሰበችው ከፍተኛ ግድብ ገንዘብ ለማቅረብ ፈቃደኛ መሆናቸውን አስታወቁ። አሜሪካ 56 ሚሊዮን፣ ብሪታንያ 14 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ ባንኩ ደግሞ 200 ሚሊዮን ዶላር በብድር ለመስጠት ነበር ሐሳባቸው። ስጦታው ግን የመጀመሪያውን የሥራ ምዕራፍ ብቻ የሚመለከት ነበር። የግድቡ ሥራ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ የሚጠይቅ ሲሆን የአሜሪካ ምክር ቤት የውጭ ርዳታን በጀት የሚያጸድቀው በየዓመቱ ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ገማል አብደል ናስር ግንባታው ከተጋመሰ በኋላ ገንዘቡ ቢቋረጥ አገሬ የለጋሾች እጅ ተመልካች ትሆናለች ብለው ሰጉ። ድርድሩ ለወራት የተጓተተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

በዋሽንግተን በኩል ደግሞ ተቃውሞው ከየአቅጣጫው በረታ። የደቡብ ግዛቶች እንደራሴዎች በአዲስ መስኖ የሚለማው የግብፅ ጥጥ የራሳቸውን ገበሬዎች ገበያ ይሻማል ብለው ፈሩ። የእስራኤል ደጋፊዎች ግብፅን የሚያጠናክር ርዳታ አልተዋጠላቸውም። ግብፅ በ1955 ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር የገባችው የጦር መሣሪያ ውልና በሜይ 1956 ለኮሚኒስት ቻይና የሰጠችው ዕውቅና በኮሚኒዝም ላይ የቆረጡትን ሴናተሮች አስቆጣ። ዓመቱም የምርጫ ዓመት ነበር።

በጁላይ 1956 አጋማሽ የሴኔቱ የበጀት ድልድል ኮሚቴ ለውጭ ርዳታ ከሚመደበው ገንዘብ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አንዳችም ለአስዋን እንዳይውል በሪፖርቱ አሰፈረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጁላይ 19፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ፎስተር ደለስ ለግብፁ አምባሳደር አሜሪካ ቃሏን ማንሳቷን ነገሯቸው። ብሪታንያ ተከተለች፤ የባንኩም ብድር በሁለቱ ስጦታ ላይ የተመሠረተ ስለነበረ አብሮ ወደቀ። ጁላይ 26 ናስር የስዊዝ ካናል ኩባንያን ወረሱ፤ ግድቡም ከካናሉ በሚገኘው ገቢ እንደሚሠራ ተናገሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እስራኤል፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ግብፅን ወጉ። ሶቭየት ኅብረት በ1958 ብድር ሰጠች፤ ሥራው በ1960 ተጀምሮ ግድቡ በ1971 ተመረቀ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያመጣው ኮሚቴው ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደም ነገሩን ማቅለል ይሆናል። በኮሚቴ ሪፖርት የሚሰፍር ቃል የሕግ አንቀጽ ያህል አስገዳጅ አይደለም፤ የአይዘንሃወር መንግሥትም ከወራት በፊት ጀምሮ ከናስር ልቡ እየራቀ ነበር። ኮሚቴው ያደረገው ሊያመነታ ይችል የነበረውን ባለሥልጣን የመመለሻ መንገድ ማጥበብ ነው። ደለስ ቃላቸውን ቢጠብቁ ኖሮ ከገዛ አገራቸው ሴናተሮች ጋር መጋጨታቸው አይቀርም ነበር።

ለኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ ትርጉም ሌላ ነው። የአስዋን ድርድር ሲካሄድ አብዛኛውን ውሃ የምታመነጨው አገር አልተጠየቀችም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በውሃው የመጠቀም መብቱ የተጠበቀ መሆኑን በዚያው ዘመን በይፋ ቢያስታውቅም፣ ግብፅና ሱዳን በ1959 ባደረጉት ስምምነት 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለየራሳቸው ደለደሉ፤ ለኢትዮጵያ የተባለ ድርሻ አልነበረም። ከስዊዝ ቀውስ በኋላ ግን አሜሪካ ፊቷን ወደ ላይኛው ተፋሰስ መለሰች። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ባለሙያዎች የዓባይን ሸለቆ ለዓመታት አጥንተው በ1964 ሪፖርታቸውን አወጡ፤ በዋናው ወንዝ ላይም ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር የተባሉ አራት የግድብ ሥፍራዎችን ለዩ።

ጥናቱን ያስገኘ መንግሥት ግድቦቹን የሚያሠራ ገንዘብ አላስከተለም። በቦርደር አካባቢ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተጀመረው በ2011፣ የተመረቀውም በ2025 ነው፤ ወጪው የተሸፈነው ከመንግሥት ካዝናና በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን በገዙት ቦንድና በሰጡት መዋጮ ነው። ካይሮ በ1956 የቀመሰችውን፣ በሌላ አገር ምክር ቤት የዓመት በጀት ላይ የተንጠለጠለ ግድብ ምን ያህል መተማመኛ የሌለው እንደሆነ፣ አዲስ አበባም በራሷ መንገድ ተረድታው ነበር። ሁለቱ የተፋሰሱ አገሮች በውሃው ድርሻ ላይ ቢለያዩም፣ ይህን አንድ ትምህርት ግን በየዘመናቸው ተምረዋል።