ጡብ የሠሩ ተማሪዎች፦ የተስኪጊ የተማሪ ሠራተኞች አመራር ከታሪክ አንጻር

ተማሪ በሚማርበት ተቋም ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ እንደ ሠራተኛ ነው ወይስ እንደ ተማሪ ሊታይ የሚገባው? ጥያቄው የበጀት ጉዳይ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ የሥርዓተ ትምህርት ጥያቄ ነው። ጎልቶ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት የሚገኘው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የተስኪጊ ተቋም ነው።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1881 ሲከፈት ዓላማው ጥቁር መምህራንን ማሠልጠን ነበር። መሪው ቡከር ዋሽንግተን በባርነት የተወለደና በሐምፕተን ተቋም ክፍሎችን እየጠረገ የተማረ ሰው ነው። ግዛቱ በየዓመቱ የመደበው 2,000 ዶላር ለመምህራን ደመወዝ ብቻ እንጂ ለሕንፃ የሚውል አልነበረም። በከተማው ጡብ የሚመረትበት ቦታ ስላልነበረም ጡቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩ ተወሰነ።

ሥራው እንደታሰበው ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበት ገብቶ መዋል ያስመረራቸው አንዳንድ ተማሪዎች ትምህርቱን ጥለው ሄዱ። 25,000 ያህል ጡብ የያዘው የመጀመሪያው ምድጃ በአተኳኮስ ጉድለት ከሸፈ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛው ሊጠናቀቅ ሲል ፈረሰ። ዋሽንግተን የእጅ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ ባገኘው ገንዘብ አራተኛው ተሞከረና ተሳካ። እ.ኤ.አ. በ1901 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ተማሪዎቹ በአንድ የሥራ ወቅት 1,200,000 ጡብ እንዳመረቱ፣ ከ40 ሕንፃዎችም ከአራቱ በስተቀር ሁሉም ከሞላ ጎደል በተማሪዎች ጉልበት እንደተሠሩ ገልጿል።

ለዕቅድ አውጪ ከቁጥሩ ይልቅ አደረጃጀቱ የሚጠቅም ይመስለኛል። ገንዘብ የሌለው ተማሪ በማታው ትምህርት ቤት ይመዘገባል፤ ቀን 10 ሰዓት ይሠራል፤ ማታ 2 ሰዓት ይማራል። ከሚያገኘው ክፍያ ጥቂቱ ብቻ በእጁ ሲሰጠው፣ የቀረው ወደ ቀኑ ክፍል ሲዛወር ለቀለቡ እንዲውል በተቋሙ ይቀመጥለታል። ስለሆነም ሥራው ወደ ትምህርት የሚያሻግር መሰላል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1892 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተመረቀው አርክቴክት ሮበርት ቴይለር ወደ ተስኪጊ ከመጣ በኋላ ደግሞ የሕንፃ ሥራው ከንድፍ ትምህርት ጋር ይበልጥ ተቀራረበ።

ሆኖም ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ጡብ ማበጀትን በጥቂት ሳምንታት የለመደ ልጅ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ቢያበጅ ተቋሙ ይጠቀማል እንጂ እርሱ ምን ይማራል? ቀን 10 ሰዓት የደከመ አካልስ ማታ ምን ያህል ይቀበላል? ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1903 ያቀረበው ሒስ ከዚህም የሰፋ ነበር፤ ለእጅ ሥራ የተሰጠው ክብደት የጥቁሮችን የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ያጠባል የሚል ነበርና።

ይህ ሥጋት ለእኛም ሩቅ አይደለም። ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት የተመደበ ዕጩ መምህር ሁለት ዓመት ሙሉ መጻሕፍት ሲደረድር አይቻለሁ፤ የካታሎግ አሠራር ያሳየው ግን አልነበረም። ኃላፊውን ብጠይቀው፣ «መደርደሪያው ንጹሕ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

በኬንታኪ የሚገኘው የቤሪያ ኮሌጅ ለዚህ ሌላ መንገድ አለው። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ የክፍያ ትምህርትም የለበትም። የሥራው ኃላፊ ተማሪውን ይገመግማል፤ ውጤቱም ከትምህርት ማስረጃው ጎን ለጎን በተለየ የሥራ ማስረጃ ይመዘገብለታል።