እምቢታው ዘግይቶ ሲመጣ፦ የመንግሥት ሰፈራና የአካባቢ አስተዳደር በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር

ስለ ቤት ልማትና ስለ መንግሥት ጣልቃ ገብነት በአገራችን የሚጻፈው አብዛኛው ከአዲስ አበባ ዙሪያ አይወጣም። ኮንዶሚኒየሙ፣ በ2006 እና በ2008 ኦሮሚያን ያናወጠው የተቀናጀ ማስተር ፕላን፣ በ2011 በለገጣፎ የተካሄደው ቤት ፈረሳ ተደጋግመው ይነሣሉ። ይህንኑ ዓይን ይዞ ወደ ሚዛን አማንና ወደ ቴፒ የሚወርድ ተመራማሪ ግን እጁ ባዶ ይሆናል። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም ራሱ በብዙ የክልል ከተሞች ፈላጊ አጥቶ ተቋርጧል። ይህ ማለት ግን መንግሥት በዚህ ምድር በገፍ ቤት አላሠራም ማለት አይደለም። አሠርቷል፤ ያሠራው ከከተማ ውጭ፣ በደንና በቡና መካከል፣ በሰፈራና በመንደር ምሥረታ ስም ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል። የአካባቢ አስተዳደር ዕቅድ ከመምጣቱ በፊት እምቢ የሚልበት ሕጋዊ በር ካጣ፣ እምቢታው አይጠፋም፤ ዓመታት ዘግይቶ፣ ዕቅዱን ትቶ ሰዎቹ ላይ ያርፋል።

ደርግ በ1977 እና በ1978 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አዛወረ። ኢሉባቦርና ከፋ ከተቀባዮቹ ክፍላተ ሀገር መካከል ነበሩ። ሰፈራው ሁለት ዓይነት ነበር። በመደበኛው ሰፊ መሬት ተመንጥሮ፣ ትራክተር ቀርቦ፣ ሺዎች በአንድ ጣቢያ ይሰፍሩ ነበር። ሁለተኛው ስግሰጋ ይባል ነበር፤ ሰፋሪው በነባሩ ገበሬ መካከል ጥቂት በጥቂት የሚመደብበት ነው። ለጉዳያችን የሚበጀው ይሄኛው ነው፤ ለሰፋሪው ጎጆ እንዲቀልስ፣ መሬት እንዲያካፍልና እንዲያርስ የታዘዘው የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ነበርና። በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የተቋቋመው ገበሬ ማኅበር ለሕዝቡ ከማንም የመንግሥት አካል የቀረበ ነበር። ሊቀመንበሩ ጎረቤቶቹ መርጠውት ለአውራጃው የሚታዘዝ ሰው ነው። ኮታው ሲደርሰው ስንት ጎጆ እንደሚያሠራ ይነገረዋል እንጂ ለማሠራት ይፈቅድ እንደሆነ አይጠየቅም።

መንደር ምሥረታው ደግሞ ከሐረርጌ ተነሥቶ አገር አቀፍ ዘመቻ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መንደር የተሰበሰበው ገጠሬ ከ12 ሚሊዮን እንደማያንስ ይገመታል። ምክንያቱ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ለተበታተነ ሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውኃ ማዳረስ ስለማይቻል ሕዝቡን ማሰባሰብ ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ይህን ዘመቻ ከታንዛኒያው ኡጃማ ጋር አጎዳኝቶ ተመልክቶታል። ከላይ ለሚያይ ባለሥልጣን የሚመቸው ቀጥ ያለ መስመር፣ ገበሬው ከመሬቱ ጋር በኖረባቸው ዘመናት ያካበተውን ዕውቀት ይጠራርገዋል ይላል። ነጥቡ ትክክል ነው፤ በቡና ምድር ግን ከዚያም በላይ ዝርዝር አለው።

በቤንች፣ በሸኮ፣ በሸካና በካፋ እንሰት የጓሮ ተክል ነው። የሚያፋፋው የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ ነው፤ ፍግ ተሸክሞ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መጓዝ ካስፈለገ እንሰቱ ተተወ ማለት ነው። ቡናው ሲቀላ ጦጣውም ሌባውም ይመጣል። በቆሎውን ሌሊት ከከርከሮ፣ ቀን ከዝንጀሮ የሚከላከለው በአጠገቡ የሚያድር ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ፕላን አውጪው «የተበታተነ አሰፋፈር» ያለው ቤት ለባለቤቱ ጥበቃም፣ ማዳበሪያም፣ ጎተራም ነበር። ቤቱን ከእርሻው ነጥሎ ሁለት ኪሎ ሜትር ማራቅ እርሻውን ማፍረስ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ገበሬው «ኋላቀርነት» የተጻፈውን ሪፖርት ሁሉ ብናነብ ብዙ የሚጨምርልን አይመስለኝም።

በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የሆነው ይታወቃል። በብዙ ቦታ ገበሬው የመንደር ቤቱን ነቅሎ፣ ማገሩንና ሣሩን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ጓሮው ተመለሰ። ምክር ቤት አልወሰነም፤ ሊቀመንበር አላዘዘም፣ አልከለከለምም። የሚፈርሰው የገዛ ቤቱ ስለነበር በዚህ እምቢታ ጎረቤት አልተጎዳም። ስግሰጋው እንዲህ ሊቀለበስ አልቻለም፤ እዚያ ከዕቅዱ ጋር የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ኢሕአዴግ በ1995 ሰፈራን መልሶ ሲጀምር ከደርግ ስህተት የተማረ ይመስል ነበር። በሦስት ዓመት 440 ሺህ አባወራ፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር አቀደ። ሰፋሪው በፈቃዱ እንዲሄድ፣ ከክልሉ እንዳይወጣ፣ በትውልድ ቀየው ያለውን መሬት ለሦስት ዓመት እንዳያጣ፣ ተቀባዩም ማኅበረሰብ እንዲመከር መርሖች ወጡ። በደቡብ ክልል የሕዝብ ጥግግት ካለባቸው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ወደ ካፋና ወደ ቤንች ማጂ ሰው ተላከ። ምክክሩን ይመራ የነበረው ወረዳው ነው። ወረዳ በ1994 በጥቅል የሚሰጥ በጀት ሲፈቀድለት ራሱን ቻለ ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የበጀቱ ብዙው እጅ ለደመወዝ ይውላል፣ ሹመቱም በፓርቲ መስመር ይመጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ለታችኛው እርከን «በቂ ሥልጣን» ይሰጣል የሚለው ቃል ወረዳውን የክልሉን ዕቅድ እምቢ ለማለት አላበቃውም። ምክክሩ ማስታወቂያ ሆነ።

ጥፋቱን ያባባሰው የቦታ መረጣው ነው። በዕቅዱ ሰነድ «ያልለማ» የተባለው ደን በሸካ ኮቦ የሚባል ባህላዊ ይዞታ ያለበት ነው። የትኛው የጫካ ክፍል የማን ቤተሰብ ቀፎ መስቀያ እንደሆነ፣ ኮረሪማውንና የጫካ ቡናውን ማን እንደሚለቅም ሁሉም ያውቃል። ይህ ይዞታ በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ ስላልተጻፈ፣ ቀበሌው ባለይዞታ አለ ብሎ የሚከራከርበት ወረቀት አልነበረውም።

የዘገየው እምቢታ በጉልህ የታየው በጉራፈርዳ ነው። በያኔው ቤንች ማጂ ዞን የምትገኘው ይህች ቆላማ ወረዳ፣ ሸኮና መኤኒት የሚኖሩባት፣ ሕዝቧ የሳሳ ነበረች። በመንግሥት ፕሮግራም ከመጡት ሌላ፣ ከአማራ ክልል በራሳቸው የመጡ ብዙ ገበሬዎች ከነባሩ ነዋሪ መሬት በኮንትራት ወይም በእኩል እየያዙ ሰፈሩ። በ2004 የአካባቢውና የክልሉ አስተዳደር ከእነዚህ ብዙዎችን አስወጣ። የተሰጠው ምክንያት ሕገወጥ ሰፈራና ደን ጭፍጨፋ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም በምክር ቤት ይህንኑ ደግመውታል። ተፈናቃዮቹ ደግሞ ለዓመታት ግብር ሲገብሩ እንደኖሩ ተናገሩ። ሁለቱም ወገን ሕገ መንግሥት ነበረው፤ አንደኛው አንቀጽ 32ን፣ ኢትዮጵያዊ በፈለገበት የመኖር መብቱን፣ ሌላው በአንቀጽ 52 ክልል መሬትን የማስተዳደር ሥልጣኑን። ደኑ መመንጠሩ እውነት ነው። ይሁንና ግብር እየተቀበለ የኖረ አስተዳደር በአንድ ማለዳ ባለግብሩን ሕገወጥ ሲል፣ የመሬት አስተዳደር ሥራ ሠራ ማለት ይከብደኛል። በጥቅምት 2013 በዚያው ወረዳ ታጣቂዎች ሰላማዊ ነዋሪዎችን ገደሉ።

ከቴፒ ብዙም በማይርቀው በመዠንግር ዞን ጎደሬ ወረዳ ደግሞ እምቢታው በጊዜውና በአግባቡ ቀርቦ ነበር። በ2002 ቬርዳንታ ሐርቨስትስ ለተባለ የህንድ ኩባንያ 3,012 ሄክታር ደን ለሻይ ልማት ሲሰጥ፣ ነዋሪዎች አቤቱታቸውን አዲስ አበባ ድረስ አደረሱ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ደግፈዋቸው ጻፉ። ግብርና ሚኒስቴር ግን ውሉን አላነሣም። ጉዳዩ የቤት ሳይሆን የእርሻ ቢሆንም ስለ በሩ የሚለው አለ፤ እምቢታው በጊዜው ቢመጣም እንኳ በሩን ከፍቶ የሚያስገባው ሕግ አልነበረም።

በሌላው ዓለም ክርክሩ ተገልብጦ ይገኛል። በካሊፎርኒያ ከተሞች ቤት እንዳይሠራ መከልከል ስለሚችሉ ግዛቱ ይከሳቸዋል፤ ሃንቲንግተን ቢች በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2023 ፍርድ ቤት ቀርባለች። እንግሊዝም ለየአካባቢው ምክር ቤት የቤት ቁጥር ታስገድዳለች። እዚያ የአካባቢ እምቢታ ብዙውን ጊዜ የባለቤቶች ጋሻ ነው፤ ተከራዩንና ድሃውን ከደጅ ያስቀራል። ስለዚህ ለወረዳ ሥልጣን ይሰጥ ማለት ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ልዩነቱ ጠቡ የሚካሄድበት ጊዜ ላይ ነው፤ እነሱ የሚካሰሱት አንድም ቤተሰብ ዕቃውን ሳይጭን ነው።

ከኅዳር 2014 ጀምሮ አካባቢው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኗል፤ ሚዛን አማንና ቴፒም ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የመንግሥት መቀመጫነቱን ተጋርተዋል። የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 በ1324/2016 ተተክቷል። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል፣ ሞዴል ቤት የሚያሠራ የገጠር ኮሪደር የሚባልም ተከትሎታል። ሞዴል ቤቱ ከእንሰቱ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው ማን እንደሆነ አሁን መጠየቅ አለበት። ክልሉ በራሱ የመሬት ሕግ፣ ሰፈራም ሆነ መንደር ከመታቀዱ በፊት የወረዳው ምክር ቤት ድምፅ እንዲሰጥ፣ ድምፁም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲባልበት ማድረግ ይችላል። ድምፁ ገና ባልመጣ ዕቅድ ላይ ብቻ ይሁን፤ በጉራፈርዳ ዛሬ የሚኖረው ሰፋሪ ከነግብር ደረሰኙ፣ የሸካው ባለ ኮቦም ከነቀፎው፣ በአንድ የመሬት መዝገብ ይስፈሩ።