ቁልቁለቱና ምርኩዙ

የእሪ በከንቱ ስም ራሱ ታሪክ ነው። ድሮ ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በጨለማ ሌባ ቢይዘው፣ «እሪ!» ብሎ ቢጮህም የሚደርስለት አልነበረም። ጩኸቱ በከንቱ ስለሚቀር ሰፈሩ ስሙን ከዚያ አገኘ ይባላል። እኔን ግን ከስሙ ይልቅ የሚገርመኝ ቁልቁለቱ ነው። ለልጅ ጨዋታ ነው፣ እንጀራ ለተሸከመች ሴት ድካም ነው። አንድ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ላጣ ሰውስ?

እንዲህ ያለ ሰው ደረጃ ሲወርድ አስተውላችሁ ከሆነ፣ የሚያስቀድመው የጎደለውን ወገን ነው። ሲወጣ ደግሞ ደህነኛው እግር ይቀድማል። ብዙዎች ማንም ሳያስተምራቸው ይደርሱበታል፤ ምክንያቱም ገላን ቀስ አድርጎ የሚያወርደውም፣ ወደ ላይ የሚያነሳውም ያ የቀረው አንድ ጉልበት ነው። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ይሄ ችግሩ ቀለል ይላል፤ ጉልበቱ የራሱ ነዋ! ከጉልበት በላይ ሲሆን ግን ሥራው ሁሉ ዳሌ ላይ ይወድቃል። ሰው ሰራሹ ጉልበት ጡንቻ የለውም። መሬት ሲረግጥ እንዳይታጠፍበት ሰውየው ጉማጁን ወደ ኋላ ይገፋል። እግሩን ሲያሳልፍ መሬት እንዳይነካበት ወይ ዳሌውን ያነሳል፣ ወይ እግሩን ወደ ውጭ ዞር አድርጎ ያመጣል፣ ወይ በደህናው እግር ጣት ላይ ከፍ ይላል። እኛ «አነከሰ» ብለን የምናልፈው ነገር ይሄ ሁሉ ስሌት ነው። ከሌላው ሰው እኩል ልፍጠን ካለ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል፤ ስለዚህ ቀስ ይላል። ቀስ ማለቱ ስንፍና አይደለም፣ ቁጠባ ነው።

ከቁልቁለቱ ራስ፣ ፒያሳ ላይ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። እኔም እንደ ሁሉም እኮራበታለሁ። ግን እዚያ ስቆም አንድ ነገር አይለቀኝም። ከየካቲት 23 ቀን 1888ቱ ድል በኋላ፣ ለጣልያን የተዋጉ 800 ገደማ ምርኮኛ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የቆየ የክህደት ቅጣት ነበር። የጣልያን ምርኮኞች ግን አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ ከስምምነቱ በኋላ አገራቸው ገቡ። ፍርዱ የማን ነበር የሚለውን ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል፤ እኔ የምለው ሌላ ነው። ምርኩዝ የሚያዘው ከተጎዳው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ግራ እግሩ የጎደለ ሰው ምርኩዙን በቀኝ ይይዛል። ታዲያ ቀኝ እጅ ከሌለስ? እግራቸው የተቆረጠው ከታች ስለሆነ ጉልበታቸው ተርፎ ነበር፤ ምርኩዙ ግን አብሮ ተወሰደባቸው። ቆራጩ ይሄን አስቦት አይመስለኝም። ብዙዎቹ እዚያው ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። የተረፉት ፎቶግራፋቸው ዛሬም አለ።

በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ የዓድዋ ቁስለኞችን አክሟል፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መነሻም እሱ ነው።

እርግጥ ጉልበት ያለው ሰው ሰራሽ እግር ያኔም በዓለም ነበር። ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዘመን የሚቆለፍ ጉልበት ያለው እግር ነድፏል። እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሉ ላይ እግሩን ያጣው እንግሊዛዊ መስፍን አንግልሲ ደግሞ ጄምስ ፖትስ የሠራውን የእንጨት እግር አደረገ፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ የእግሩ ጫፍ በጅማት ተስቦ ይነሳል፣ ሲራመዱበትም ቀጭ ቀጭ ይላል። የመስፍን እግር ነው እንግዲህ። ገበሬ ወታደር ግን ያለው ምርኩዝ ነው።

ለእኛ ነገሩ የተለወጠው ዘግይቶ፣ ያውም በጦርነት ምክንያት ነው። የ1969ና 70ው የሶማሊያ ጦርነት፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ፈንጂው፣ ስንቱን ወጣት ባንድ እግር አስቀረው! ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰው ሰራሽ አካል መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ በ1983 ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ፈንድ አቋቋመ፤ አዲስ አበባም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆነች። የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝናብ አይፈራም። እንጨትና ቆዳ የሐምሌን ዶፍ ሲጠጡ ምን እንደሚሆኑ የአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም።

ያም ሆኖ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱን ቆልፈው የሚወርዱ አሉ። እግሩ እንደ ዱላ ይደርቃል፣ አካሄዱም አያምርም፣ ግን አይከዳም።

ፒያሳና ዙሪያዋ ፈርሰው እንደገና ሲሠሩ ሰው የሚያወራው ስለ መብራቱና ስለ ሰፊው የእግር መንገድ ነው። እኔ ግን አዲስ ደረጃ ባየሁ ቁጥር የምፈልገው የመደገፊያውን ብረት ነው። በአንድ በኩል ብቻ ከተተከለ፣ ሰውየው ሲወርድ በቀኙ የያዘውን ብረት ሲመለስ የሚያገኘው በግራው ነው።