ከሞዴል ባቡር ክፍል የወጣ ቃል

ሻይ ቤት ተቀምጠን የምናወራውን ሁሉ «ወሬ ነው» ብለን እንንቀዋለን። ታሪክ ሲባል ትዝ የሚለን ጦርነትና አዋጅ፣ ንጉሥና ውል ነው። ታዲያ ጥቂት ተማሪዎች ትንንሽ ባቡሮች ከበው ያወጉት ወግ በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ ቃል ትቶ ሲያልፍ ምን እንላለን?

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ «ሕንፃ 20» በሚባለው ቤት አንድ ክፍል አገኙ። ሕንፃው በ1943፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ለራዳር ምርምር በጥድፊያ የቆመ የእንጨት ቤት ነበር። ለጊዜው ተብሎ ተሠርቶ እስከ 1998 ሳይፈርስ ኖረ።

የክበቡ አባላት ሁለት ወገን ነበሩ። አንደኛው ወገን ፉርጎ ይቀባል፣ ተራራና መንደር ይሠራል፣ የባቡር ታሪክ ያወራል። የሁለተኛው ወገን ልብ ግን ከጠረጴዛው በታች ነው፤ ሽቦውና ከስልክ ሥራ የተረፈው አሮጌ ዕቃ ዘንድ። እነዚህኞቹ የስልክ መደወያ እያዞሩ ባቡር ይነዱ ነበር።

ሌሊቱን እየሠሩ፣ እየተከራከሩ፣ እየተሳሳቁ የራሳቸውን ቋንቋ አወጡ። በግቢው «ሃክ» የሚባለው የተማሪዎች የተንኮል ጨዋታ ነበር። እነሱ ግን ቃሉን ወስደው፣ ጥቅሙ ሳይታሰብ ለመሥራት ሲባል ብቻ ለሚሠራ ነገር ሰጡት፤ ሠሪውም «ሃከር» ተባለ። ከመካከላቸው ፒተር ሳምሰን የሚባለው ተማሪ በ1959 እነዚህን ቃላት ለቅሞ ትንሽ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ለቀልድ ያህል ነው እንጂ ለታሪክ ብሎ አልነበረም።

ከዚያ ወሬው ከባቡር ወደ ኮምፒዩተር ዞረ። የቀድሞ አባል የነበረው ጃክ ዴኒስ ቲኤክስ-0 ከሚባለው መኪና ጋር አስተዋወቃቸው። በ1962 በግቢው «ስፔስዋር» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲሠራ፣ የመጫወቻው መቆጣጠሪያ ሳጥኖች የተገጣጠሙት ከባቡሩ ክፍል በመጣ ዕቃ ነው። ሰዎቹ ወደ አዲሱ ሥራ ሲሻገሩ ቃሉም አብሮ ተሻገረ።

ግን ቃል እንደ ሰው ስሙ ይጠፋል። በ1980ዎቹ ጋዜጦች «ሃከር»ን የሰው ኮምፒዩተር ሰብሮ ለሚገባ ሰው ይሰጡት ጀመር። ዛሬ ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታየው ሌባ ነው። ያቺ ትንሽ መዝገበ ቃላት ባትኖር ኖሮ፣ የድሮውን ደስታ ማን ይመሰክርለት ነበር?

እኛስ? ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ «ላ ጋር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል፣ ጣቢያ ማለት ነው፣ ይዞ መጣ። ያገራችን ሰው ለምላሱ እንዲመቸው አድርጎ «ለገሀር» አለው፤ ሰፈሩም በዚሁ ስም ቀረ። ቃሉን ያቃናው አዋጅ አይደለም። ሲያወራ፣ ሲጠራራ፣ አድራሻ ሲጠያየቅ የዋለ ሰው ነው።

እንግዲህ ጓደኞች፣ በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ የምንፈጥራቸውን ቃላት አንንቃቸው። ከመካከላችን አንዱ ደብተሩ ጥግ ላይ ይጻፋቸው። እኛ ካልጻፍናቸው፣ ነገ ትርጉማቸውን የሚሰጣቸው ሌላ ሰው ነው።